ጂምናስቲክን ያስሮጡት የባቶኖ ቫዣ ዜና ሕይወት

ባቶኖ (በአገሬው አጠራር «አቶ» ማለት ነው) ቫዣ ኩፓታዜ ከአባታቸው ከባቶኖ ፓርመን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶሚኒካ፣ ከኩታይሲ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የወይን መንደር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ተወለዱ። በልጅነታቸው አጥር ይዘሉ እንጂ በበር የመግባት ልማድ አልነበራቸውምና፣ እናታቸው «ለዚህ ልጅ በር ማሠራት ኪሳራ ነው» እያሉ ለጎረቤት ያማርሩ ነበር።

ትምህርታቸውን በትብሊሲ ተከታትለው በስሉስ ዝላይ አሠልጣኝነት ከተመረቁ በኋላ ወደ አትሌቲክስ ክለብ ሊመደቡ ሲገባ፣ በጸሐፊ ስሕተት በኩታይሲ ወደሚገኝ የልጃገረዶች ጂምናስቲክ ቤት ተላኩ፤ እርሳቸውም ሥራው ከነመኖሪያ ክፍሉ መሆኑን በተረዱ ጊዜ ስሕተቱን ለማንም ሳይተነፍሱ ቀሩ። በመጀመሪያው ቀን ዋና አሠልጣኟ ናኑሊ መገለባበጥ እንዲያሳዩ ቢጋብዟቸው፣ ተንከባለው ለልምምዱ ሙዚቃ ከሚመታው ፒያኖ እግር ጋር ተላተሙ። ናኑሊም «እርስዎ የመጡት ልጆች ሊያሠለጥኑ ነው ወይስ ፒያኖ ሊጠግኑ?» ሲሉ ጠየቋቸው።

በዚያ ዘመን ልጃገረዶቹ ሲተጣጠፉ እንደ ሐር ቢሆኑም፣ «ፈረስ» ወደሚባለው የመዝለያ ዕቃ የሚሄዱት እንደ ሙሽራ እየተጎተቱ ስለነበር በየውድድሩ መጨረሻ ይወጡ ነበር፤ የበላይ አካልም አዳራሹን የድንች መጋዘን ለማድረግ ዐስቦ ነበር። ባቶኖ ቫዣ ታዲያ ልጆቹን በኮሪደሩ አጭር ርቀት እያስፈተለኩ፣ ከዝቅተኛ ሣጥን ላይ እያስወረዱ፣ እግራቸው መሬት እንደነካ ወዲያው እንዲነጥሩ «መሬቱ የጋለ ብረት ነው! ማን ቁጭ በሉበት አላችሁ?» እያሉ ያለማምዷቸው ጀመር። አንዲት እናትም «ልጄን አበባ አድርጉልኝ ብዬ ብሰጥ እንቁራሪት አደረጋችሁብኝ!» ብለው አዳራሹን በጩኸት ሞሉት።

ባቱሚ ላይ በተደረገው ውድድር ማቅቫላ የተባለችው ልጅ እንደ ጥይት ሮጣ፣ ፈረሱንም ፍራሹንም አልፋ፣ በዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ከቀረበው ኬክ መካከል ዐረፈች። አንደኛው ዳኛ ክሬሙን ከጢማቸው እየጠረጉ «በረራው ግሩም ነበር፤ ማረፊያው ግን እኔ ነኝ» አሉ፤ ነጥቡም ባዶ ሆነ። ባቶኖ ቫዣ ልጅቷ ሳትጎዳ በመትረፏ ፈጣሪን አመስግነው፣ የምደባቸውን ስሕተት ለናኑሊ ተናዝዘው ሊሰናበቱ ሲነሡ፣ ናኑሊ «ከፒያኖው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፤ እርስዎ ያስነሡልኝ፣ እኔ አሳርፋለሁ» ብለው አስቀሯቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ አስቀድመው ጉልበታቸውን አለዝበው መውረድን፣ ከዚያ መንጠርን፣ በመጨረሻም ፍጥነትን እየተማሩ፣ በዓመቱ ማቅቫላ ሁለተኛ ወጣች፤ ድንቹም ሌላ ቤት ተፈለገለት።

ባቶኖ ቫዣ ለጋብቻ ጥያቄ ቃል ሲያጡ ናኑሊ «ያ ክፍልዎ ሁለት ሰው ይችላል?» በማለት አቃለሉላቸው። የወለዷቸው ሁለት ሴት ልጆች አንዷ ጥርስ ሐኪም፣ አንዷ ቼዝ ተጫዋች በመሆናቸው፣ አባት «ቁጭ ብለው የሚበሉ ልጆች ወለድኩ» እያሉ ሲያዝኑ ኖሩ።

በመጨረሻም ልባቸው ታመመ፤ ሐኪም ደረጃ መውጣት ቢከለክሏቸው «ወጥቼ አላውቅም፣ ዘልዬ ነው» ብለው ተከራከሩ። ባለፈው የወይን ለቀማ ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እጃቸው በናኑሊ እጅ ውስጥ እንዳለ፣ ያለ ምንም ግርግር ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባቶኖ ቫዣ ባለቤታቸውን ናኑሊን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ አያት ሆነው ሳለ አውቶቡስ ሊያመልጣቸው ሲል ማንም የማይቀድማቸውን በርካታ ደቀ መዛሙርት ትተው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በለመለመው ስፍራ በሰላም ያሳርፍልን፤ ለናኑሊም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።