ደወሉን ማን ይሰማዋል?

እናቴ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ፣ እኔ ሥራ ስሄድ አፍንጮ በር ሰፈር ባለው ቤታችን ብቻዋን ነበር የምትውለው። አንድ ቀን ሌባ በጠራራ ፀሐይ ገብቶ ሬዲዮዋን ከራስጌዋ ወሰደው። እኔም በሩ ሲከፈት የሚጮኽ ደወል አስገጠምኩ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ደወሉም አብሮ ዝም ይላል። ፒያሳ ወደ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድኩና ሽማግሌውን ባለሱቅ፣ "ሐጂ፣ ሌባ በር ሲከፍት ለሚጮኽ ደወል የሚሆን ብዙ የሚቆይ የመኪና ባትሪ ይስጡኝ" አልኳቸው።

"የመኪና ባትሪ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ይሞታል፣ ልጄ። ያንተ ደወል አልፎ አልፎ ነው የሚጮኸው፤ እነዚህ ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች ዓመት ይቆዩልሃል" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ድንጋዮቹን ይዤ ልወጣ ስል፣ "ለመሆኑ ሲጮኽ ማን ይሰማዋል?" አሉ።

"እናቴ። ዓይኗ አያይም፤ ቀን ብቻዋን ነው የምትውለው።"

"እሷማ ሌባውንም ትሰማዋለች። የሚደርስላት ማነው?"

ወደ ቤት ስመለስ ይህንኑ አሰብኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከቀበሌ ስብሰባ በቀር ከቤት አይወጡም፤ ግን በአጥር ተጣልተን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አንባባልም።

እያፈርኩ በራቸውን አንኳኳሁ። ደወሉን እሳቸው ቤት ልስቀለው ብዬ ስለምናቸው የደወሉን ሽቦ ከእጄ ተቀብለው በመስኮታቸው ሳቡት። ልሞክረው በራችንን ስከፍት ደወሉ ጮኸ። ሙከራ መሆኑን እያወቁ ዘነዘና ይዘው ሮጠው መጡ።

እናቴ ኮቴያቸውን ሰምታ፣ "ዘነበች፣ አንቺ ነሽ?" ብላ እጇን ዘረጋች።

እትዬ ዘነበች ዘነዘናውን ጥለው እጇን ያዙ። "እኔ ነኝ፣ እህቴ። ከእንግዲህ ሳይጮኽም እመጣለሁ።"