ሳይቀመስ የቀረበ ጠጅ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ አስተናጋጅ የሚባል ስም አልነበረም፤ ቀጂ ነበር የምንባለው። እኔ ቡሬ ጠጅ ቤት ቀጂ ነበርሁ፣ ገና አጥንቴ ሳይጠና ገብቼ ስንት ዓመት ቀዳሁ መሰላችሁ። እና ብርሌውን ይዘን እንግዳው ፊት ስንደርስ ዝም ብለን አናስቀምጥም፤ እሱ እያየን በመዳፋችን ጠብ እናደርግና ቀመስ እናደርጋለን። ያኔ ነው እጁን የሚዘረጋ። ሳትቀምስ የሰጠችውን «ምነው እቴ፣ ጠላትሽ ነኝ?» ይላታል። ክብር ነው ይሄ፣ ለሱም ክብር ነው፣ ለእኛም ክብር ነው።

ታዲያ ባለፈው ወር ዓይኔን ልታከም ፍኖተ ሰላም ሄድሁ፣ የወንድሜ ልጅ አበባው ይዞኝ። ከሐኪም ቤት ስንወጣ «እትዬ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምጋብዝዎት» አለና አንድ ትልቅ ሆቴል አስገባኝ። ወንበሩ ብቻ፣ ኧረ ተዉኝ፣ ስቀመጥበት ዋጠኝ። እና ጠጅ አለ ተባለ፤ ደስ አለኝ፣ ምን ደስ ብቻ፣ ልጅነቴ መጣብኝ። አንዲት ልጅ፣ ስሟን ኋላ ነው የሰማሁት፣ ውባለም ትባላለች፣ ብርሌውን በትሪ ይዛ መጣች፤ ጎንበስ ብላ አስቀመጠችልኝና ዞረች።

«ነይማ ልጄ፣ ቅመሽልኝ እንጂ» አልኋት።

ግራ ቀኝ አየችና «እማማ፣ እኛ ከደንበኛ መጠጥ መቅመስ አይፈቀድልንም» አለችኝ ቀስ ብላ።

እኔ መቼ እሰማለሁ፣ ደሜ ፈላ። «ምን ብታስገቢበት ነው የማትቀምሽው?» አልሁ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። የልጅቷ ፊት በርበሬ መሰለ። እና በመዳፏ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች፣ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

ለካ ተቆጣጣሪው ከባንኮኒው ሆኖ ያያል። ከረባት ያሰረ ጎረምሳ ነው፣ እየተንደረደረ መጣ። «አንቺ፣ የደንበኛ መጠጥ ትጠጫለሽ? በቃ፣ ሽርጥሽን አውልቂና ውጪ፤ ነገ እንዳትመጪ።»

አሁን ስሙኝ። «እሳቸው ናቸው ቅመሽ ያሉኝ» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እናንተ ብትሆኑ አትሉም? እሷ ምን በወጣት። አንዴ አየችኝ፣ ሰው ፊት እንዳላፍር ብላ ይሆናል፣ አንገቷን ደፋችና ሽርጧን መፍታት ጀመረች። ያዋረድኋት ልጅ እኔኑ ስትሸፍነኝ። ልጆቼ፣ ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ብድግ አልሁ። አበባው «ኧረ እትዬ፣ ይቀመጡ» እያለ ነጠላዬን ይጎትታል፣ እኔ ልቀመጥ? «ስማ ልጄ» አልሁት ከረባታሙን፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ጠርጥሬ በሰው ፊት ያስገደድኋት እኔ ነኝ። የሚወጣ ካለ እኔ ልውጣ።»

«እማማ፣ እርስዎ ደንበኛችን ነዎት። እሷ ግን ደንቡን ታውቃለች» አለኝ።

ታዲያ ከጎናችን ሦስት ሽማግሌዎች አሉ፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ከገጠር የመጡ። አንደኛው ብርሌውን ገፋ አደረገና፣ እንዲህ ጢሙን እየዳበሰ፣ «ጎበዝ፣ ለካ እኛም ሳይቀመስልን ኖሯል የምንጠጣው» አይል መሰላችሁ። ሁለተኛውም ገፋ። ሦስተኛውም ገፋ። «እንግዲህ እሷ ካልተፈቀደላት አንተ ቅመስልን፣ የቤቱ ሰው ነህ» አሉት።

ልጁ ምን ያድርግ፣ ሽማግሌ እምቢ አይባል። አንዱን ብርሌ አነሳ፣ መዳፉን ዝርግት አደረገና ቢያንቆረቁርበት ጠጁ በእጅጌው ገብቶ ክንዱ ድረስ ወረደ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «እንዲያ አይደለም፣ መዳፍህን ጎድጎድ አድርገው» እያልሁ እኔው አሳየሁት። እና ሳቁ ለሱም ተረፈው፤ እጅጌውን እየጨመቀ «ሽርጥሽን እሰሪ» አላት። «ሽማግሌ ቅመሽልኝ ሲልሽ ግን እኔን ጥሪኝ።»

ውባለምን ጠራሁና «ይቅር በይኝ ልጄ» አልኋት። «ኧረ እማማ፣ ምን አድርገውኝ» አለችኝ ሽርጧን መልሳ እያሰረች። እና እዚያው አጠገቤ ቆመች፣ እስክጠጣላት።

ጠጣሁ። ወይ ጉድ። በስኳር የተጣለ፣ ማር በደጁ ያላለፈ፣ ጌሾው የሚያንገፈግፍ።

(እዚህ ላይ ከአድማጮቹ አንዷ፣ የጎረቤት ልጅ፣ «ታዲያ መለሱት?» ስትል ጠየቀቻቸው።)

ምን እመልሳለሁ፣ ተቆጣጣሪው እያየ። ብመልሰው በማን ላይ ሊወርድ ነው? እስከ አንቡላው ጨለጥሁና፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ከቡሬ ወዲህ እንዲህ ያለ ጠጅ አልቀመስሁም፤ ድገሚኝ» አልሁ። ደገመችኛ። ሁለተኛውንም እየሳቅሁ ጠጣሁት፣ ሆዴ ሦስት ቀን ሲጮህ ከረመ።