ከወንዙ ዳር ስለተነቀሉት ችግኞች

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ «እትዬ ለምንድነው» (የሰፈር ስሟ ነው፤ ሙሉ ስሟ ከመታወቂያዋ ተመዝግቧል)
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከቆዳ ፋብሪካው ፊት ለፊት፣ ወንዙን ተሻግሮ የመጀመሪያው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ረፋድ ላይ
ጉዳዩ፦ የፋብሪካውን ችግኞች ነቅሎ በመስረቅ የተጠረጠረ አትክልተኛ

በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝና ተረድቼ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪውን አውቀዋለሁ። የፋብሪካው አትክልተኛ ሲሆን ከጓሮዬ ጀርባ ብቻውን የሚኖር ጎረቤቴ ነው፤ ዝምድናም ጠብም የለንም። ፋብሪካውንም አውቀዋለሁ፤ የሠራተኞቹን ቱታ የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ ደንበኛዬ ነው። የስፌት መኪናዬ ከመስኮት ሥር ስለተቀመጠ ቀና ባልኩ ቁጥር የሚታየኝ የወንዙ ዳር ነው። ሰፈሩ ወሬኛ ይለኛል፤ እኔ ግን ወሬ አልወድም፣ ያልገባኝ ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም እንጂ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ፋብሪካው በወንዙ ዳር ችግኝ አስተከለ። ድንኳን ተጥሎ፣ የማኅበራዊ ኃላፊነት ክፍሉ ኃላፊ በማይክሮፎን ንግግር አደረገ። የድርጅቱ ዓላማ ትርፍ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከተተከለውም አንድም እንደማይደርቅ ተናገረ። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። በማግስቱ «አንድም አልደረቀም» የሚል ሰሌዳ ቆመ። ገና በማግስቱ መሆኑ ትንሽ ገርሞኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ችግኞቹ አልደረቁም፣ ግን አላደጉም። በተተከሉበት ሰሞን ትድህ የነበረችው የልጅ ልጄ ዛሬ ትሮጣለች፤ እነሱ ግን ከጉልበቴ አላለፉም። ግራ የነበረ ቅርንጫፍ በሳምንቱ ቀኝ ሆኖ ይገኛል። ለልጄ ብነግራት «እማዬ፣ መነጽርሽን ቀይሪ» አለችኝ። ቀየርኩ። ያው ነው።

አንድ ማለዳ አትክልተኛው ጋሪ እየገፋ መጣ። ቢጫ የሆኑትን ነቅሎ ከጋሪው አረንጓዴ እያወጣ በዚያው ጉድጓድ ይተክል ጀመር፤ ያውም ከነፕላስቲካቸው። ወርጄ ጠየቅኩት።

«ልጄ፣ ፕላስቲኩን ሳትቀድ ለምንድነው የምትተክለው?»

«ሥሮቻቸው ይህን አፈር ቶሎ እንዳይነኩ ነው እትዬ። የፋብሪካው ቆሻሻ ውሃ ገብቶበታል። ከነካቸው አለቀላቸው፣ እንዲህ ሲሆን ትንሽ ይቆያሉ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ኃላፊው ነዋ! ሰሌዳው አንድም አልደረቀም እያለ የደረቀ ይታይ እንዴ? ቆዳ ገዢዎች ሊጎበኙን ነው።»

የሚነቅላቸውን እንዲጥል እንደታዘዘ፣ ነገር ግን አንጀቱ እንዳልቻለ ነገረኝ። ቤቱ ወስዶ ፕላስቲኩን ቀዶ ይተክላቸዋል፤ ከጓሮው ጉድጓድ ውሃ እየቀዳም ያጠጣቸዋል። አላመንኩም ነበርና ሄጄ አየሁ። የመጀመሪያዎቹ ትከሻዬ ደርሰዋል። የዚያን ቀን በደስታ ብዛት ቱታ አዙሬ ሰፋሁ።

ባለፈው ሐሙስ ቆዳ ገዢዎቹ ለጉብኝት ሲመጡ ቱታ ላስረክብ ሄጄ አጠገባቸው ነበርኩ። አንዷ እንግዳ ጎንበስ ብላ አንዱን ችግኝ ያዝ ስታደርገው ከነፕላስቲኩ ተመዝዞ እጇ ላይ ቀረ። ኃላፊው ክው አለ። ወዲያው ለእንግዶቹ፣ አትክልተኛው ጥሩ ጥሩዎቹን ሰርቆ እንዲህ ያለውን እንደተካ አስረዳ። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ አትክልተኛውን ይዞት ሄደ፤ ዛፎቹም ጓሮው ውስጥ ተገኙ።

ቅዳሜ ኃላፊው ቤቴ ድረስ መጣ። በአክብሮት ነው ያናገረኝ።

«እትዬ፣ ሲነቅል አይተውታል አይደል? ያዩትን ብቻ ይናገሩ። የሚመጣውን ዓመት ቱታም ለእርስዎ አስቤያለሁ።»

እኔም ወንዙን ማጽዳት ሲቻል ለምንድነው ችግኝ የምትቀያይሩት አልኩት። መልሱን እንዳለ ለማስመዝገብ እፈልጋለሁ።

«የፍሳሽ ማጣሪያው በዘንድሮው ዕቅድ የለም እትዬ። ችግኙ አለ። እኔ የምገመገመው በችግኙ ነው።»

ይህን ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ፤ የታሰረው ልጅ ግን ይበልጥ አሳዝኖኛል። ያየሁትን እንድናገር የሰጠኝን ምክር ተቀብያለሁ። ሲነቅል አይቻለሁ። ሲተክልም አይቻለሁ።

የምትጨምሪው አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አለ ብያለሁ። ልጁ ከታሰረ ወዲህ ዛፎቹን የማጠጣው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት የፋብሪካው ዘበኛ መጥረቢያ ይዞ መጣ። የድርጅቱ ንብረት ስለሆኑ እንዲቆርጣቸው መታዘዙን ነገረኝ። እነዚያ ዛፎች ከተቆረጡ ልጁ ሌባ ሆኖ ይቀራል፤ የሚጣሉትን አንስቶ እንዳዳነ የሚመሰክርለት በሕይወት መኖራቸው ብቻ ነው። ዘበኛውን ለምኜ እስከ ምሳ ሰዓት እንዲታገሰኝ አድርጌያለሁ። አሁን ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ከዛፎቹ ሥር ተቀምጣለች። ስለዚህ ፖሊስ አሁኑኑ አብሮኝ እንዲሄድ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ እንደተናገርኩት ተጽፏል፤ እውነት ስለሆነም ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ መርማሪው ከምስክሯ ጋር ወደ ቦታው ስለወጣ ሲመለስ ይፈረማል።