ዘይቱም ውሃ ነው እንበል

«እንዴት ከረማችሁ ገላነሽዬ? ልጆቹ ደኅና? የርብ ወንዝ ዘንድሮ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው ወይስ ገና ነው? ከብቱንስ ወደ ደረቁ አወጣችሁት? ግቢ፣ ግቢ፣ ጭቃው አያስጨንቅሽ፤ ይሄ ቤት ከጭቃ የባሰም አስተናግዷል... በይ ጠርሙስሽን ወዲህ በይው።»

ገላነሽ ከፎገራ ሜዳ ላምባ ልትገዛ የመጣች የቆየች ደንበኛ ናት። ባለሱቋ ሸሪፋ ፊቷን ወደ እሷ ታዙር እንጂ ድምፅዋን የምትልከው ከመደርደሪያው ጀርባ ወዳለው መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ልጇ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ ተኝቷል። ታምሜያለሁ ብሏል። አዲስ አበባ ምህንድስና ሲማር ቆይቶ ስለ ፈሳሽ የሚያስተምረውን ትምህርት ወድቆ ነው ለክረምት ወረታ ከተማ እናቱ ዘንድ የገባው። እርግጥ ድጋሚ ፈተና ተፈቅዶለታል። ነገ ጧት በሚያልፈው አውቶቡስ ካልተሳፈረ ግን አይደርስም፤ ካልደረሰ ይባረራል፤ ከተባረረ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ የሚመለምሉት ሰዎች የሸሪፋን በር አያጡትም። ለምናዋለች፣ ተቆጥታዋለች፣ አልቅሳበታለች፤ አልሆነም። የቀራት ምላሷ ነው። ምላሷን ደግሞ ወረታ በደንብ ያውቃታል።

«እኔማ ምን አውቄ ገላነሽዬ? ፊደል ያልቆጠርሁ፣ ላምባ ስቀዳ እጄ ከርፍቶ የቀረ ሴት ነኝ። ብቻ አንድ ሰው አለ... ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ማሻአላህ፣ ጭንቅላቱ ወንፊት አይደለም፤ የገባበት አይወጣም! ገና ትንሽ ሳለ ቁርኣን ቤት እኩዮቹ አንዷን ሱራ ሲንተባተቡባት እሱ ውልፍት ሳይል ይወርዳታል። እናቱ ጅሏ ደግሞ በቃሉ ባለ ቁጥር መዳፉ ላይ ስኳር ታፈስለታለች! ታዲያ እሱ ምን ያድርግ? ትልቁ ትምህርት ቤት ሲገባ ያንን የፈሳሽ መጽሐፍ፣ ጥያቄውን ከነመልሱ፣ ሥዕሉን ከነቀስቱ፣ አንድ ሳያስቀር ሸመደደው። ጎበዝ አይደለም ትያለሽ? እዚያ ስኳር የሚያፈስለት ጠፋ እንጂ...»

ሸሪፋ ጣሳውን በርሜሉ ውስጥ ነከረች።

«ፈተናው ላይ ምን ቢመጣበት ጥሩ ነው? አንድ ጋን አለ፤ ከታቹ ውሃ፣ ከላዩ ዘይት፤ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ጫና ስንት ነው? እሱ የሸመደደው ጋን ግን እስከ አፉ ውሃ ብቻ ነበር... እና ምን አደረገ መሰለሽ? ዘይቱም ውሃ ነው እንበል ብሎ አሰላው! ወላሂ! ደግነቱን አየሽልኝ? ማንንም ከማንም አያበላልጥም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ እሰማ ነበር፤ የዘይት ነጋዴ ልጅ ዘይት ጠፋው ሲባል ግን እድሜ ሰጥቶኝ እኔ ሰማሁ። ከኑግ ዘይት በርሜል ጎን ተኝቶ ነው ያደገው አሉ... እንጃ። እኔንስ ያኔ ላምባው ላይ ውሃ ትጨምራለች ብለው ቀበሌ ሲያስጠሩኝ ምዬ ተገዝቼ አይደል የወጣሁት? ለካ በወረቀት ላይ ሲቀላቅሉት አያስጠይቅም! አይ እኔ ደንቆሮዋ፣ ሳልማር ቀርቼ።»

ገላነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሸሪፋ ግን ገና መሟሟቋ ነበር።

«መጽሐፉማ እንዴት ያለ መጽሐፍ ነው! ውሃው በቧንቧ ሲሄድ ሰበቃ የለም እንበል ይላል አሉ። መፋተግ የለም ማለት ነው። የት ይሆን አገሩ፣ እባክሽ? እኔ ከገዛ ጫማዬ ጋር ስፋተግ ነው የምውለው! ለዚያ አገር የተማረ ሰው እዚህ ሲመጣ ቢታመም ይፈረድበታል? አውቶቡሱ ያንገጫግጫል። መምህሩ ይቆጣል። ጥያቄው ይለወጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሯ ትሄዳለች ይባል የለ? የኔይቱ እንቁላል እግር እስኪወጣላት ብርድ ልብስ ደርባ ተጋድማለች...»

ከውስጥ አልጋው ሲጢጥ አለ። ሸሪፋ ተነሣ ብላ ቀና አለች። እሱ ግን መገላበጡ ነው። ዓይኗ መጋረጃው ላይ እንደተተከለ ላምባው ከጠርሙሱ አልፎ በገላነሽ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

«ውይ፣ ውይ፣ አፈር ልብላ! ይቅር በይኝ እህቴ፣ ቆይ ልጥረግልሽ... አየሽ? እኔ ጠርሙስ መሙላት አቅቶኝ በሰው እስቃለሁ። እንዲያውም ቢቀር ምን ይጎዳል? ቁመቱ ሸጋ ነው፤ የወታደር ልብስ ያምርበታል። እዚያ ደግሞ ዘይትና ውሃ ለይ ብሎ የሚያስጨንቅ የለም፤ ያገኙትን ሁሉ በፍቅር ይቀበላሉ። የምትቸገረው እናትየዋ ብቻ ናት... ሬዲዮው የጦር ግንባር ወሬ ባወራ ቁጥር እየሮጠች ስታጠፋው ትኖራለቻ! እሷን ተያት፣ ፈሪ ናት። ብትወድቅም ሄደህ ውደቅ፣ ልጄ፣ ከነውድቀትህ እወድሃለሁ ማለት እንኳ ከአፏ ደርሶ የሚመለስባት ፈሪ።»

ሸሪፋ የጠርሙሱን ውታፍ ፈልጋ ገጠመችው፣ እጇን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ መጋረጃውን አንዴ አየችው። ከዚያ መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ድምፅዋም ማር ማር አለ።

«በይ ሳትሄጂ አብረን እንመርቀው፤ ፈጣሪያችን እንደሆነ አንድ ነው። አላህ እድሜውን ያርዝመው። ነፋስ አይንካው፣ መንገድ አያድክመው። ማንም አይጠይቀው፣ ማንም አይፈትነው። ሰው ሲሄድ ሲመለስ በመስኮት እያየ፣ ከዚች ደጃፍ ሳይርቅ በደኅና ይሸብትልኝ... አሚን በይ እንጂ ገላነሽዬ፣ ጮክ ብለሽ... አላህ ቁርጥ እናቱን ያድርገው!»