የማከፋፈያ መኪናው ወደ መናኸሪያው የሄደበት መንገድ

ምስክር፦ የጠፋው ሾፌር ታላቅ እህት
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ በመድኃኒት ማከፋፈያ ድርጅት የሶፍትዌር ባለሙያ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ፣ የወላጆቿ ቤት
ቃሏን የሰጠችበት ቀን፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ስለ ታናሽ ወንድሜ መጥፋት ተጠይቄ የሚከተለውን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ወንድሜን ቤተሰቡ ችኩሌ ይለዋል፤ የጫማውን ክር ሳያስር ከቤት የሚወጣ ልጅ ስለነበር እናታችን ያወጣችለት ስም ነው። የምንሠራው አንድ ድርጅት ነው። እሱ ለፋርማሲዎች መድኃኒት ያደርሳል፤ እኔ መኪኖቹ ያሉበትን ቦታ የሚያሳየውን ፕሮግራም ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ እጽፋለሁ። ባለፈው ዓርብ ማታ መኪናው መናኸሪያው አጠገብ ቆሞ፣ ቁልፉም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። እሱ እስካሁን አልተገኘም፤ ስልኩም ዝግ ነው።

መርማሪው መኪናው በየት በየት አድርጎ መናኸሪያው እንደደረሰ ጠየቀኝ። ፕሮግራሙ ይህን አያሳይም ነበር። መኪናው ላይ ያለው መሣሪያ ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ፣ ካለፈው ነጥብ ወዲህ ምን ያህል ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን እንደተንቀሳቀሰ ይልካል። ቁጥሮቹ በተርታ ይቀመጣሉ፤ ተርታውን እኛ አሬይ እንለዋለን። ሪዲዩስ የሚባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ቁጥር በፊተኛው ድምር ላይ እየደመረ ይሄድና የመጨረሻውን ብቻ ያስረክባል። የመሐሉን ይጥለዋል። መኪናው አሁን የት እንዳለ ማወቅ ለሥራችን ይበቃን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ገብቼ፣ ድምር በተገኘ ቁጥር ሌላ አሬይ ውስጥ እንዲገባ አድርጌ ጻፍኩት። መጀመሪያ ነጥቦቹ በሙሉ መናኸሪያው ላይ ተከመሩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ አይቶ፣ መኪናው እዚያው ተወልዶ እዚያው አደገ እንዴ ብሎ ቀለደብኝ። ስህተቱን ያገኘው ግን እሱ ነው። በየጊዜው ያስገባሁት ያንኑ አንዱን ድምር ስለነበር፣ እሱ ሲለወጥ ቀድመው የገቡትም አብረው ተለውጠዋል። በየእርምጃው ቅጂውን ሳስገባ መንገዱ ተዘረጋ።

ወንድሜ ከመጋዘን ወጥቶ ፋርማሲዎቹን አዳርሷል። ከዚያ በቀጥታ ወደ መናኸሪያው መሄድ ሲችል ዞሮ በዳቦ ቤቱ በኩል ገባ። የእኔ በር ላይ ሲደርስ ድምሩ፣ ዜሮ እየተጨመረበት፣ ሳይለወጥ ብዙ ቆየ። ሞተሩን አላጠፋም ማለት ነው። ያን ዕለት ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ። ልብስ ሳጥብ የሞተር ድምፅ ሰምቻለሁ፤ የጎረቤት መስሎኝ አልተነሳሁም። በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

ተጣልታችሁ ነበር ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ አዎን። እናታችን ካረፈች በኋላ ልብሶቿን ሳያማክረኝ ለሰው ሰጠ። እኔም ያልሆነ ቃል ተናገርኩት። «ሁለተኛ ደጅሽን ብረግጥ ከሰው አትቁጠሪኝ» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም። አንድ መሥሪያ ቤት እየዋሉ መናፈቅ ለሰሚው ያስቃል፤ እኔ ግን ናፍቆኛል። ነጥቡ ተመልሶ መጋዘን መግባቱን ስክሪኑ ላይ ሳላይ ወደ ቤቴ ሄጄ አላውቅም።

የቀደሙትን ቀናትም በዚያው መንገድ አሰላሁ። በአብዛኞቹ ቀናት መኪናው በእኔ በር በኩል መጥቶ ቆሟል። በዚያ መንገድ ፋርማሲ የለም። እኔ የማየው የቀኑን መጨረሻ ብቻ፣ እሱም ሁልጊዜ መጋዘኑ ስለነበር አላየሁትም። ሁሉንም አትሜ ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

የምትጨምሪው አለ ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ወንድሜ ሲገኝ የት እንደነበረ መጠየቅ የፖሊስ ጣቢያው ሥራ ነው። ለምን ሳያንኳኳ እንደተመለሰ ግን ማንም እንዳይጠይቀው እለምናለሁ። «ቤት ነበረች፤ አሁንም አለች» ብቻ በሉልኝ።

የተጻፈው ተነቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም ስል ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________