«ስሙን» ያልን ቀን

ሀይሚዬ! ነይ፣ እዚህ ጋ፣ ከጎኔ ተቀመጪ። ከሐዋሳ መቼ ገባሽ? ትላንት? እኔ እንኳን ከሲኤምሲ እዚህ ቦሌ መድኃኔዓለም ለመድረስ ከሐዋሳ የመጣሁ ያህል ደክሞኛል። አዳራሹ ግን ያምራል፣ አይደል? አበባው፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብሱ... ዛሬ ለምናመሰግነው ወንድማችን ይህ እንዲያውም ሲያንስ ነው። ጠጋ በይ እንጂ፣ ምን ያሳቅቅሻል? ጀርባውን ሰጥቶን ስለተቀመጠው ሰው አታስቢ፤ እሱ እንደሆነ አይሰማም። አይሰማም ስልሽ።

ለመሆኑ ዘመቻችንን በቴሌቪዥን አየሽው? አላየሽም? ውይ፣ ቀረብሽ! እንዴት ያለ ሱፍ ለብሶልን መሰለሽ... ሰማያዊ፣ በቀጭን መስመር።

መፈክሩን ስንመርጥ እንኳን ነበርሽ። ጆሯቸው የማይሰማ ሕፃናት በጊዜ እንዲመረመሩ ወላጆችን የሚያነቃ አንድ ቃል ስንፈልግ፣ «ስሙን» እንበል ያለችው አልጣሽ ናት። ልጆቹ ለእኛ የሚሉት ነው አለች፤ ስሙን፣ አድምጡን። ሁላችንም ወደድነው። አንድ ሰው ብቻ፣ ትዝ ይልሻል? «የማንን ስም?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ደግሞ ቀልድ መስሎን ሳቅን! እንዴት ያለ ግልጽ ሰው ነው እኮ። ገና ከመጀመሪያው ነግሮን ነበር።

ጋዜጠኞቹን ያመጣልን እሱ ነው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። እኛ ለትንሿ ማኅበራችን የስንቱን ጣቢያ ደጅ ጠንተን «እንደውልላችኋለን» እየተባልን ተመልሰናል። እሱ አንዴ ደወለ፣ መጡ። ባነራችንን ሰቅለን ጠበቅናቸው፤ ከላይ በትልቁ «ስሙን»፣ ከሥሩ ለነጻ ምርመራ የሚደወልበት ቁጥር። ካሜራው ሲከፈት ሮጦ ባነሩ ፊት ቆመ። ፀሐይ እንዳይመታው አስቦ ይሆን? ደረቱ ደግሞ ሰፊ ነው፣ እግዜር ይጠብቀው፤ ቁጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነልን። ከራሱ በላይ ምን ቀረ መሰለሽ? «ስሙን»። ጣቢያውም አላሳፈረንም፣ ወዲያው ከታች ጻፈልን... ስሙን። ከነማዕረጉ!

አልጣሽ? አልጣሽማ መጥታ ነበር። ልጇን ፌናንን ታውቂያት የለ? «እልኸኛ ናት፣ ስትጠራ እያወቀች ዝም ትላለች» እየተባለች ያደገችውን። አራት ዓመት እስኪሞላት ተቆጧት፣ ኋላ ነው ጆሮዋ እንደማይሰማ የታወቀው። እናትየው ያን ነገር ለሰው ልታወራ እኔ ፊት ስንት ጊዜ እንደተለማመደች! ያላት ቃል ደግሞ ይኸው ነበር፤ «እንደኔ አትቆጧቸው፣ አስመርምሯቸው»። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ልጇን አዲስ ቀሚስ አልብሳ መጣች። እሱ ግን ለሰው እንዴት የሚያዝን ሰው ነው! «እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ልናገርላት» አለ። ተናገረላትም። ከራሱ ልጅነት ጀመረ። ጋዜጠኛው ማይኩን ወደ እሷ ባዞረ ቁጥር፣ እጁ እንዳይዝል ነው መሰለኝ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ይመልስለታል። በስርጭቱ የለችም ግን እንዳልልሽ... ክርኗ ይታያል።

አትሳቂ። እኔም ስቄ ልተወው ብዬ አቅቶኛል። ያን ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው።

ስልኩ? ጠራ እንጂ! ቁጥሩን ከጣቢያው ጠይቀው ደወሉ። አንዷ ሱፉን የት እንዳሰፋው ንገሪኝ ትላለች። አንዱ ደግሞ ለእህቱ ሠርግ ንግግር እንዲያደርግለት ይፈልጋል። ስለ ልጅ ጆሮ የጠየቀኝ ግን... ተይው። የምርመራው ቀን ባለሙያዋ ማሽኗን ከፍታ ቁጭ ብላ ዋለች። የሰፈር ልጆች መጡ፣ እነሱም ከረሜላ ይታደላል ተብለው። እኔ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ በዚህ ከተማ ውስጥ አሁን ስንቷ ፌናን «እልኸኛ» እየተባለች ጭኗን ትቆነጠጣለች?

ደግነቱ ቅዳሜ እንደገና እንመረምራለን። ቴሌቪዥኑም ይመጣል፤ እሱ ጠርቶልናል። እና ባነሩን ምን እናድርገው? ከፍ አድርገን እንስቀለው ቢሉ እሱም ወንበር ላይ ይወጣል። ለምን ቁጥሩን ሱፉ ላይ አናትምለትም? እዚህ ደረቱ ላይ! ደስ ይለዋል እኮ፣ ሁሌ በካሜራ ፊት ነው።

ምነው ያ ባለ ሰማያዊ ሱፉ ሰውዬ ጀርባው ቀና አለ? ጆሮውም ቀላ። የአዳራሹ ሙቀት ይሆናል። ምርመራው ለአዋቂም ነጻ ነው፣ ብዬሻለሁ አይደል?

ምን አሉ? ከምሳው በፊት ምርቃቱን እኔ? ኧረ ከእኔ የሚበልጡ እያሉ... እሺ፣ ካላችሁ። ሀይሚ፣ ነጠላዬን አቀብይኝ። አንቺም ከልብሽ አሜን በይ፣ ስቀሽ እንዳታጋልጪኝ።

«በሉ እንግዲህ አሜን በሉ። ዛሬ የምናመሰግነውን ወንድማችንን ፈጣሪ ያክብርልን። ስሙን ከፍ ያድርግለት... ከፍ፣ ከባነሩም በላይ ያድርግለት፣ ከሥር ያለው እንዲታይ። ቅዳሜ አልጣሽ ስትናገር ከካሜራው ኋላ ተቀምጦ የሚያዳምጥበት ጤና ይስጠው። እርጅናውን ያሳምርለት። ደግ ደጉን ያሰማው። ብቻ... ያሰማው።»