የሌለችው ፊደል

ደብረ ብርሃን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ፤ ጥሩወርቅ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስለተኛው ልጇ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ፎቶ ስልኳ ላይ ይዛ፣ ስምንተኛ ክፍል ባስተማሯት በጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር በደምመላሽ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች።

ጥሩወርቅ፦ አንብበውታል እኮ ጋሼ። ዐይንዎ እስከ ታች ሲወርድ አይቻለሁ።

ደምመላሽ፦ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ስልኩን ጥረጊውና አምጪው።

ጥሩወርቅ፦ ሁለት ጊዜ ጠረግሁት።

ደምመላሽ፦ ማነው የላከልሽ?

ጥሩወርቅ፦ ሥዩም፣ ከልጄ ከመኳንንት ጋር ግንብ የሚሠራው። ትናንት ግንቡ መኳንንት ላይ ሲናድ አጠገቡ ነበር። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ይቺን ወረቀት ሰጥቶት ሌላ በሽተኛ ጋ ገባ አለኝ። ልጄ ራሱን አያውቅም፤ እግሩን ይቁረጡ ብዬ እኔ ካልፈቀድሁ አይነኩትም። እስከ ስድስት ሰዓት መልሴን ይጠብቃሉ።

ደምመላሽ፦ እስከ ስድስት ሰዓት ነው ያልሽኝ?

ጥሩወርቅ፦ አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረውም። ምን ይላል?

ደምመላሽ፦ ግራ እግሩ ተጎድቷል ይላል።

ጥሩወርቅ፦ እሱን ሳይነበብም አውቄዋለሁ።

ደምመላሽ፦ ደም ወደ ታች አልወርድ ብሏል። እግሩን ስለማዳን ደግሞ... ተስፋ የሚል ነገር አለ።

ጥሩወርቅ፦ ምን ያህል ተስፋ?

ደምመላሽ፦ ትንሽ። ትንሽ ተስፋ አለ።

ጥሩወርቅ፦ ተመስገን። ትንሽ ካለማ ምን ያስፈራል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ደምመላሽ፦ ወዴት ትነሻለሽ?

ጥሩወርቅ፦ ለሥዩም ልደውል ነዋ። አትንኩት እለዋለሁ። ወጌሻ አለ፣ ጠበል አለ። ተስፋ እያለ የልጄን እግር ላስቆርጥ?

ደምመላሽ፦ ተቀመጪ።

ጥሩወርቅ፦ ሰዓቱ እኮ...

ደምመላሽ፦ ተቀመጪ፣ ጥሩወርቅ። ‹ሊትል› የምትል ቃል አለች።

ጥሩወርቅ፦ ትንሽ ማለት ናት። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።

ደምመላሽ፦ ከፊቷ ‹ኤ› የምትባል ፊደል ካለች፣ ትንሽ አለ ማለት ነው። ቁራሽም ብትሆን መሶቡ ውስጥ አለች እንደማለት።

ጥሩወርቅ፦ ከሌለችስ?

ደምመላሽ፦ ከሌለች፣ የለም ማለት ነው። በጨዋ አፍ የተነገረ ‹የለም›።

ጥሩወርቅ፦ በአንዲት ፊደል?

ደምመላሽ፦ በአንዲት ፊደል። ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ በፈተና ስጥል የኖርሁት በሷ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እዚህ ወረቀት ላይ አለች?

ደምመላሽ፦ እስቲ ትንሽ ውኃ ልጠጣ።

ጥሩወርቅ፦ በኋላ ይጠጣሉ። ጣትዎን ቃሉ ላይ ያድርጉልኝ።

ደምመላሽ፦ ይቻት።

ጥሩወርቅ፦ ከፊቷ ያለውስ?

ደምመላሽ፦ ‹ኢዝ›። ሌላ ቃል ነው።

ጥሩወርቅ፦ በመካከላቸው ምንም የለም።

ደምመላሽ፦ ምንም የለም።

ጥሩወርቅ፦ ሐኪሙ ቸኩሎ ረስቷት ቢሆንስ? ሰው አይደለም እንዴ? ፊደል ይዘለላል።

ደምመላሽ፦ እኔም ያንን ተመኝቼ ነው እስከ ታች ያነበብሁት። ዛሬ ካልተቆረጠ የሞተው ሥጋ መርዝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሕይወቱ ትልቅ አደጋ ላይ ነው ይላል። ትልቅ ነው ያለው። በእሷ ቃል ማንም አይሳሳትም።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ለምን ትንሽ አለ አሉኝ?

ደምመላሽ፦ ፈራሁ። ባልሽን ከቀበርን ዓመት አልሞላም። ይሄ ደግሞ ከእኔ አፍ እንዳይወጣ ብዬ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ልደውል ነበር እኮ። በእርስዎ ቃል ልጄን ልገድለው ነበር።

ደምመላሽ፦ አውቃለሁ። ስትነሺ ነው የገባኝ።

ጥሩወርቅ፦ ግንበኛ ነው ጋሼ። አንድ እግር ይዞ መወጣጫ ላይ አይወጣም። በሃያ አራት ዓመቱ ምን ሊሆን ነው?

ደምመላሽ፦ እሱን እኔም አላውቀው።

ጥሩወርቅ፦ ነቅቶ፣ ሳትጠይቂኝ ለምን አስቆረጥሽኝ ቢለኝስ? ፊቴን ባያይስ?

ደምመላሽ፦ ይቆጣሽ። ለመቆጣትም እኮ መንቃት አለበት።

ጥሩወርቅ፦ የሥዩም ቁጥር ይኸውና። እርስዎ ይደውሉልኝ።

ደምመላሽ፦ እኔ ልንገረው? ቢያንስ ይቺን ሸክም...

ጥሩወርቅ፦ አይሆንም። የእናቱን ድምፅ ነው የሚጠብቁት። ጆሮዬ ላይ ብቻ ይያዙልኝ።

ደምመላሽ፦ እየጠራ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ሥዩም? አዎ፣ አስነበብሁት። ፈቅጃለሁ፣ ይቁረጡት በላቸው። ሲነቃ ማን ፈቀደ ካለህ ደግሞ፣ እናትህ ናት በለው፤ የሌላ የማንንም ስም እንዳትጠራ።